ሳይከፈት የሚጎዳው መልእክት፦ የ2015ቱ የስቴጅፍራይት ጉዳይ

"የኔ ልጅ፣ ያልከፈትኩት መልእክት እንዴት አድርጎ ነው የሚጎዳኝ?" ብለው የጠየቁኝ እዚህ ሜሪላንድ የማህበራችን አባል የሆኑ እናት ናቸው። በፈረንጆቹ ኦገስት 2015 ነው፣ ዜናው ቲቪ ላይ ሲወራ ሰምተው፣ ቡና ተፈልቶ ሰው ሁሉ ሲጫወት እሳቸው ስልካቸውን ይዘው መጥተው አጠገቤ ቁጭ አሉ። ያን ቀን ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ አንድ ነገር አጠፋሁላቸውና "በቃ እማማ፣ አይስጉ" አልኳቸው፣ ጥያቄያቸውን ግን አልመለስኩትም። ጥያቄው ደግሞ የጉዳዩ ዋና ነገር ነበር፣ ምክንያቱም ሁላችንም የተማርነው "የማታውቀውን ሊንክ አትጫን፣ ከማታውቀው ሰው የመጣ ፋይል አትክፈት" የሚል ነው፣ ማለትም አደጋው በራሳችን ጣት ነው የሚመጣው ብለን ነው የምናስበው። እዚህ ጉዳይ ላይ ግን ጣት አያስፈልግም ነበር፣ ስልክ ቁጥርህን ማወቅ ብቻ በቂ ነበር። እንዴት ሊሆን እንደቻለ አሁን ከነሙሉ ታሪኩ ልጻፈው፣ ምክንያቱም ኤምኤምኤስ (ፎቶና ቪዲዮ የሚላክበት የቴክስት መልእክት) እንዴት እንደሚሰራ ከዚህ ጉዳይ በላይ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ነገር አላየሁም።

ስቴጅፍራይት ማለት በእንግሊዝኛ መድረክ ላይ ሲወጡ የሚይዝ ፍርሃት ነው። እዚህ ግን አንድሮይድ ውስጥ ቪዲዮና ድምፅ የሚያነበውና የሚያጫውተው የኮድ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የተዘጋጀ ኮድ) ስም ነው፣ አንድሮይድ 2.2 ላይ ገብቶ ከዛ በኋላ የቀድሞውን ማጫወቻ ተክቶ ሁሉም ስልክ ላይ የተቀመጠ። ጁላይ 27, 2015 (በኛ ሐምሌ 20, 2007 ማለት ነው) ዚምፔሪየም የሚባል የሞባይል ሴኩሪቲ ካምፓኒ ጆሹዋ ድሬክ የሚባለው ተመራማሪው እዚህ ላይብረሪ ውስጥ ብዙ ቀዳዳ እንዳገኘ ይፋ አደረገ፣ ቀዳዳዎቹ ሰባት የሲቪኢ ቁጥር (ለታወቀ የሴኩሪቲ ቀዳዳ የሚሰጥ መለያ) ተሰጣቸው፣ ከአንድሮይድ 2.2 እስከ 5.1 ያለው ሁሉ ተጋላጭ ነው ተባለ። ካምፓኒው ያስቀመጠው ግምት 95 ፐርሰንት የሚሆነው የአንድሮይድ ስልክ፣ ወደ 950 ሚሊዮን ማለት ነው። ቲቪ ላይ የደረሰው ይሄ ቁጥር ነው፣ ሰው የደነገጠውም በቁጥሩ ነው፣ እኔን ግን ያስደነገጠኝ ቁጥሩ ሳይሆን መንገዱ ነው፣ ኤምኤምኤሱ።

አገር ቤት ከደሴ ወይ ከጎንደር እቃ በባስ ሲላክ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ላኪው እቃውን ጠቅልሎ መናኸሪያ ይወስድና ለረዳቱ ይሰጣል፣ ላዩ ላይ ስልክ ቁጥርህ ይጻፋል፣ አዲስ አበባ ሲደርስ ይደወልልሃል "እቃ መጥቶልሃል፣ ና ውሰድ" ትባላለህ፣ አንተ ራስህ ሄደህ ታመጣለህ። ቤትህ ድረስ የመጣው ጥሪው ነው እንጂ እቃው አይደለም። ኤምኤምኤስ ልክ እንደዚህ ነው፣ ብዙ ሰው ግን ፎቶው ከላኪው ስልክ ተነስቶ በቀጥታ ተቀባዩ ስልክ ላይ የሚያርፍ ይመስለዋል።

ለምን እንዲህ ሆነ ስንል ኤስኤምኤስ በጣም ጠባብ ስለሆነ ነው። አንድ ኤስኤምኤስ የሚይዘው 140 ባይት ነው፣ በላቲን ፊደል 160 ሆሄ፣ በአማርኛ ስትጽፍ ደግሞ 70 ሆሄ ብቻ (አማርኛ ቴክስት ቶሎ ሁለት ሶስት ቦታ የሚቆራረጠው ለዚህ ነው)። በዚህ ላይ ፎቶ መጫን አይቻልም። ስለዚህ ኤምኤምኤስን የሰሩት ሰዎች፣ ኖርዌይ ውስጥ በ2002 ለሰው አገልግሎት ሲጀምር ጀምሮ እንደዚሁ ነው፣ ስራውን ለሁለት ከፈሉት፣ ጥሪው በኤስኤምኤስ መንገድ ይሄዳል፣ እቃው በዳታ መንገድ ይሄዳል።

ሂደቱ እንዲህ ነው። ፎቶ ወይ ቪዲዮ መርጠህ ሴንድ ስትል ስልክህ ጽሁፉን፣ ፎቶውን፣ ምን ከምን ቀጥሎ ይታይ የሚለውን ትንሽ የአቀማመጥ ፋይል፣ ሁሉንም አንድ ላይ እንደ ኢሜይል አባሪ ይጠቀልለውና በሞባይል ዳታ በኤችቲቲፒ (ዌብሳይት በሚከፈትበት መንገድ) ወደ ቴሌው የኤምኤምኤስ ማእከል ይልከዋል፣ ይሄ ማእከል ኤምኤምኤስሲ ይባላል፣ መናኸሪያው ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ወደዚህ ማእከል የሚያደርሰው የራሱ ኤፒኤን (ስልኩ ወደ ቴሌው ዳታ የሚገባበት በር) ነው፣ አዲስ ስልክ ገዝተህ ሌላው ኢንተርኔት ሁሉ እየሰራ ፎቶ በቴክስት አልሄድ ሲልህ የኤፒኤን ሴቲንጉ ስላልገባ ነው፣ ዋይፋይ ላይ ሆነህ ዳታ ስታጠፋ ኤምኤምኤስ እምቢ የሚልህም ብዙ ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነው። ማእከሉ እቃውን ያስቀምጣል፣ ተቀባዩ የሌላ ቴሌ ደንበኛ ከሆነ ወደዛኛው ቴሌ ማእከል ያሳልፈዋል፣ በሁለቱ መሃል የሚሄደው በኢሜይል ፕሮቶኮል መሆኑ ሁሌ ይገርመኛል። ከዛ ለተቀባዩ ስልክ አንድ የማይታይ ኤስኤምኤስ ይላካል፣ ዋፕ ፑሽ የሚባለው፣ እሱ ውስጥ ማን እንደላከው፣ ስንት ኪሎባይት እንደሆነ፣ እስከመቼ እንደሚቆይና እቃው ያለበት ሊንክ አለ። የተቀባዩ ስልክ ይሄን ሲያይ ወደ ሊንኩ ሄዶ እቃውን ያወርዳል፣ "ደርሶኛል" የሚል መልስ ለማእከሉ ይመልሳል፣ ከዛ በኋላ ነው ስልክህ ጢን የሚለው።

ፎቶው ደብዝዞ የሚደርሰውም መንገድ ላይ ነው። ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ ሻንጣህ 23 ኪሎ ሲያልፍ ኤርፖርት ላይ ከፍተህ እንደምትቀንሰው፣ ኤምኤምኤስም የመጠን ገደብ አለው፣ ድሮ 300 ኪሎባይት ነበር፣ ከዛ 600፣ አሁን ብዙ ቦታ 1 ሜጋባይት አካባቢ ወይም ትንሽ ከዛ በላይ፣ ስለዚህ ወይ ስልክህ ወይ ማእከሉ ፎቶውን ይጨምቀዋል፣ ቪዲዮ ከሆነማ አይነሳ። ይሄ የመጨመቅ ነገር ሰው ሲያማርርበት የኖረ ነው ግን ለዛሬው ጉዳያችን ዋናው እሱ አይደለም።

ዋናው ያቺ "የተቀባዩ ስልክ ሄዶ ያወርዳል" ያልኩት ቦታ ናት። በባሱ ምሳሌ ሲደወልልህ አንተ ትጠይቃለህ፣ "ከማን ነው? ምንድነው?" ትላለህ፣ ካላወቅከው አትሄድም። ስልኩ ግን አይጠይቅም። አንድሮይድ ላይ ኤምኤምኤስን በራሱ ማውረድ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ የበራ ነው፣ ጥሪው ሲመጣ ስልኩ አንተን ሳይቀሰቅስ መናኸሪያ ሄዶ እቃውን ቤት ያስገባል። የተሰራው ለምቾት ነው፣ በነገራችን ላይ ክፉ ሃሳብ አልነበረውም፣ በ2002 ስልክ ላይ ፎቶ ማውረድ ጊዜ ስለሚፈጅ ሰው መልእክቱን ሲከፍት ተዘጋጅቶ እንዲጠብቀው ነው። ችግሩ እቃው ቤት ከገባ በኋላ ማን ነው የሚፈታው የሚለው ላይ ነው።

የሚፈታው ስቴጅፍራይት ነው። ቪዲዮ ሲመጣ ስልኩ ቢያንስ ትንሿን ምስል ለማሳየት፣ ርዝመቱን ለማወቅ፣ ፋይሉን ማንበብ አለበት። በዛን ጊዜ ብዙ አንድሮይድ ስልክ ላይ ቴክስት የሚቀበለው ሃንግአውትስ የሚባለው የጉግል አፕ ነበር፣ ሃንግአውትስ ደግሞ አንተ ስልኩን ሳትነካው፣ ጢን የሚለው ድምፅ እንኳ ሳይሰማ ቪዲዮውን ለስቴጅፍራይት ይሰጠው ነበር። ሌላው ሜሴንጀር የሚባለው የጉግል የቴክስት አፕ ላይ ቢያንስ መልእክቱን መክፈት ነበረብህ፣ ቪዲዮውን ማጫወት ግን አያስፈልግም። እንግዲህ የእማማ ጥያቄ መልስ ይሄው ነው፦ እርስዎ አልከፈቱትም፣ ስልኩ ግን ከፍቶታል።

እሺ ቪዲዮ ቢነበብስ ምን ይሆናል? እዚህ ጋ ትንሽ ታገሱኝ፣ ቴክኒካል ነው ግን ሲገባችሁ ነገሩ ሁሉ ይበራል። ኤምፒ4 የሚባለው የቪዲዮ ፋይል በሳጥን ውስጥ ሳጥን ነው፣ እያንዳንዱ ሳጥን መጀመሪያ ላይ "እኔ ይሄን ያህል ባይት ነኝ፣ አይነቴም ይሄ ነው" ብሎ ራሱን ያስተዋውቃል። ከሳጥኖቹ አንዱ ቪዲዮ ስር የሚታየውን ጽሁፍ የሚይዘው ነው። ስቴጅፍራይት ይሄን ሳጥን ሲያገኝ ከዚህ በፊት የያዘውን ጽሁፍ መጠንና የአዲሱን ሳጥን መጠን ይደምርና በድምሩ ልክ ሜሞሪ ላይ ቦታ ያዘጋጃል። ሳጥኑ ስለራሱ የሚናገረውን ግን አምኖ ነው የሚቀበለው። 32 ቢት ስልክ (ቁጥርን በ32 ዜሮና አንድ የሚይዝ) ላይ ቁጥር ከ4,294,967,295 በላይ መሄድ አይችልም፣ ካለፈ እንደ አሮጌ ታክሲ ኪሎሜትር ቆጣሪ ዞሮ ከዜሮ ይጀምራል። ክፉ ሰው የሳጥኑን መጠን ሆን ብሎ በጣም ትልቅ አድርጎ ቢጽፈው ድምሩ ዞሮ ትንሽ ቁጥር ይሆናል፣ ስቴጅፍራይት ትንሽ ቦታ ያዘጋጃል፣ ከዛ እዛ ላይ ብዙ ዳታ ይገለብጣል፣ ኩንታል ጤፍ ጣሳ ውስጥ እንደ ማፍሰስ በሉት፣ የተረፈው አጠገቡ ያለው ሜሞሪ ላይ ይደፋል። የሚደፋውን ነገር በጥንቃቄ ያዘጋጀ ሰው አጠገብ ያለውን፣ ፕሮግራሙ ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠቁመውን አድራሻ በራሱ አድራሻ ይተካዋል፣ ስልኩም የሱን ትእዛዝ መፈጸም ይጀምራል። ይሄኛው ቀዳዳ ሲቪኢ-2015-3824 የሚባለው ነው፣ ቁጥሩን ያዙት እንመለስበታለን። ሌሎቹም ከሞላ ጎደል የዚህ ዘመዶች ናቸው፣ ቁጥር ሞልቶ መፍሰስ ወይም ከዜሮ በታች መውረድ።

ስቴጅፍራይት የሚሰራበት ፕሮሰስ (ከጀርባ እየሰራ ያለ ፕሮግራም) ሚዲያሰርቨር ይባላል፣ ስራው ድምፅና ምስል ስለሆነ ካሜራ፣ ማይክራፎንና ኢንተርኔት መንካት ይፈቀድለታል፣ አንዳንድ ስልኮች ላይ ደግሞ አምራቾቹ ከዛም በላይ ስልጣን ሰጥተውት ነበር። ስለዚህ በሌሊት ተኝተህ ሳለ አንድ ኤምኤምኤስ ይመጣል፣ ስልክህ ያወርደዋል፣ ያነበዋል፣ በዛች ሰከንድ የሌላ ሰው ኮድ ካሜራህና ማይክህ ጋ ይደርሳል፣ ከዛ መልእክቱን ራሱ ያጠፋዋል፣ ጠዋት ስትነሳ ምንም አታይም። ዚምፔሪየም ያስጠነቀቀው ይሄንን ነው፣ ሊሆን የሚችል ነገር ነበር፣ ኮዱን ላነበበ ሰው የተጋነነ አልነበረም።

ድሬክ ነገሩን ያገኘበት መንገድ ፈዚንግ የሚባለው ነው፣ ሆን ተብሎ የተበላሹ ፋይሎችን በብዛት ለፕሮግራሙ እየመገቡ መቼ እንደሚወድቅ ማየት፣ ከዛ ደግሞ ቁጭ ብሎ ኮዱን በዓይን ማንበብ። እኔ ይሄን ሰው የማደንቀው ማግኘቱን ብቻ ሳይሆን ኤፕሪልና ሜይ 2015 ላይ ለጉግል ሪፖርት ሲያደርግ መጠገኛ ፓቹን ራሱ ጽፎ አብሮ ስለላከ ነው። ጉግልም ፓቹን በ48 ሰዓት ውስጥ ወደ ውስጥ ኮዱ አስገባው። አሁን ይሄን ቀን አስተውሉ፣ ሜይ ላይ መድሃኒቱ ተሰርቶ አልቋል። ጁላይ መጨረሻ ላይ ዜናው ሲወጣ ግን በሰው እጅ ያለው ስልክ በሙሉ ማለት ይቻላል አልተጠገነም፣ የጉግል የራሱ ኔክሰስ ስልኮች እንኳ።

ይሄ ነው እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ ክፍል። አንድሮይድ ላይ ጥገና እንዲህ ነበር የሚሄደው፦ ጉግል ኮዱን ያስተካክላል፣ ለአምራቾች ይልካል፣ አምራቹ ለእያንዳንዱ ሞዴል የራሱን ለውጥ ጨምሮ እንደገና ይሰራዋል፣ ቴሌው ደግሞ ስልኩን በራሱ ስም ከሸጠው ይሞክረዋል፣ ይፈቅዳል፣ ከዛ ነው ላንተ የሚደርሰው፣ ከሰንሰለቱ ላይ አንዱ "ይሄ ሞዴል አርጅቷል፣ አይሸጥም" ካለ በቃ እዛው ይቀራል። ሁለት ዓመት የሞላው ርካሽ ስልክ የያዘ ሰው ማንም አያስበውም። የኔ የዛን ጊዜ ስልክ ጥገናው የደረሰው ከወራት በኋላ ነው፣ እማማ የያዙት ስልክ ደግሞ እስከተጣለበት ቀን ድረስ አልደረሰውም፣ በየወሩ ሴቲንግ ገብቼ ቼክ ሳደርግ "ስልክዎ አፕ ቱ ዴት ነው" ይላል፣ ሰው ጥገና የለም ማለትና ጥገና አያስፈልግህም ማለት አንድ አይነት ጽሁፍ ሲሆንበት ምን ማድረግ ይችላል?

ኦገስት መጀመሪያ ላይ ነገሮች በፍጥነት ሄዱ። ኦገስት 5 ላስ ቬጋስ ላይ በብላክ ሃት ኮንፈረንስ ድሬክ ዝርዝሩን አቀረበ፣ እዛው ሰሞን ጉግል ለኔክሰስ ስልኮች በየወሩ የሴኩሪቲ አፕዴት እንደሚለቅ አስታወቀ፣ ሳምሰንግና ኤልጂም እኛም በየወሩ አሉ። ጉግል ሃንግአውትስንና ሜሴንጀርን አስተካክሎ ቪዲዮ ሲመጣ በራሱ ለሚዲያሰርቨር እንዳይሰጥ አደረገ፣ ይሄ ከጉግል ፕሌይ የሚወርድ ስለሆነ የአምራችን ደጅ መጥናት አያስፈልገውም ነበር፣ ስለዚህ ቀድሞ የደረሰው እሱ ነው።

ከሁሉም ግን እኔ ትክክለኛውን ቦታ ነካ የምለው ጀርመን ውስጥ ዶይቸ ቴሌኮም ያደረገው ነው። ስልኮቹ እስኪጠገኑ አልጠበቀም፣ ኤምኤምኤስ በራሱ መድረሱን ለጊዜው አቆመውና በምትኩ ለደንበኛው "መልእክት መጥቶልዎታል፣ በዚህ ገጽ ገብተው ማየት ይችላሉ" የሚል ተራ ኤስኤምኤስ ሊንክ ያለበት ይልክ ጀመር። በመናኸሪያው ምሳሌ እቃው መናኸሪያው ውስጥ ይቆያል፣ የቤቱ ሰራተኛ ሮጦ ማምጣቱ ቀርቶ ባለቤቱ ራሱ ፈልጎ ይሄዳል ማለት ነው። ሁሉም ኤምኤምኤስ በቴሌው ማእከል በኩል ማለፍ ግድ ስለሆነበት ቴሌው አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ሚሊዮኖችን መከላከል ይችላል፣ በኢንተርኔት ዌብሳይት ላይ ለሚመጣ ቪዲዮ እንዲህ ያለ ማነቆ ቦታ የለም። ቴሌዎች ሁሉ ይሄን ቢያደርጉ ብዬ በጣም ተመኝቼ ነበር።

ከዛ ኦገስት 13 መጣ። ኤክሶደስ ኢንተለጀንስ የሚባል ሌላ የሴኩሪቲ ካምፓኒ ከላይ ቁጥሩን ያዙት ያልኳችሁ የሲቪኢ-2015-3824 ፓች ራሱ ስህተት እንዳለበት ይፋ አደረገ። ፓቹ አራት መስመር ኮድ ናት፣ ስራዋ "ድምሩ ከመጠን የሚያልፍ ከሆነ አቁም" ማለት ነው፣ ለማወቅም ከትልቁ ከሚቻለው ቁጥር ላይ የሳጥኑን መጠን ትቀንሳለች። ነገር ግን የሳጥኑ መጠን የተያዘው በ64 ቢት ቁጥር ነው፣ ትልቁ የሚቻል ቁጥር የተባለው ደግሞ 32 ቢት ስልክ ላይ የ32 ቢቱ ነው፣ ስለዚህ አጥቂው የሳጥኑን መጠን ከ32 ቢት በላይ አድርጎ ከጻፈው ቅናሹ ከዜሮ በታች ወርዶ ዞሮ እጅግ ግዙፍ ቁጥር ይሆናል፣ ቼኩም "ኧረ ሰፊ ቦታ አለ" ብሎ ያሳልፈዋል። ቀዳዳውን የፈጠረው የመዞር ስህተት ቀዳዳውን ሊደፍን የመጣው ኮድ ውስጥ ተደገመ። ያ ፓች ብዙ ሰው ዓይን አልፏል። አዲስ ቁጥር ተሰጠው፣ ሲቪኢ-2015-3864፣ ኦገስት ላይ ጥገና ደርሶት "ተገላገልኩ" ያለው ሰው ሁሉ እንደገና ሴፕቴምበርን መጠበቅ ነበረበት።

አንዳንዱ ሰው በዛን ጊዜ "ተጋንኗል፣ አንድሮይድ መከላከያ አለው" ይል ነበር፣ ጉግልም ከ90 ፐርሰንት በላይ ስልኮች ኤኤስኤልአር የሚባለው መከላከያ አላቸው ሲል መልሷል። እውነት ነው፣ ኤኤስኤልአር ማለት ፕሮግራሙ በተነሳ ቁጥር ሜሞሪ ውስጥ ያለውን አድራሻ የሚያቀያይር ነው፣ ሌባ ገብቶ እንኳ የትኛው ክፍል የት እንዳለ እንዳያውቅ። ነገር ግን የጉግል የራሱ የሴኩሪቲ ቀዳዳ ፈላጊ የፕሮጀክት ዜሮ ቡድን ሴፕቴምበር ላይ ቁጭ ብሎ ሲያሰላው 32 ቢት ስልክ ላይ አድራሻው ሊሆን የሚችለው 256 ቦታ ብቻ ነው፣ ከ256 ሙከራ አንዱ ይሳካል፣ ሚዲያሰርቨር ደግሞ ሲወድቅ ከ5 ሰከንድ በኋላ ራሱ ይነሳል፣ ስለዚህ አጥቂው ደጋግሞ መሞከር ይችላል። ማርች 2016 ላይ ኖርዝቢት የሚባል የእስራኤል ካምፓኒ ሜታፎር ብሎ የሰየመውን አሰራር አሳየ፣ በኤምኤምኤስ ሳይሆን በዌብሳይት በኩል መጀመሪያ አድራሻውን ሰልሎ ከዛ የሚገባ። ኤምኤምኤሱ በር ሲዘጋ ሌላ በር እንደነበረ ደግሞ ኦክቶበር 2015 ላይ ታይቷል፣ ዚምፔሪየም ስቴጅፍራይት 2.0 ብሎ በኤምፒ3 ወይም በኤምፒ4 ፋይል ውስጥ በተደበቀ መረጃ የሚሰሩ ሌሎች ሁለት ቀዳዳዎች አወጣ፣ አንዱ ከመጀመሪያው አንድሮይድ ከ2008 ጀምሮ ያለ።

ይሄን የምጽፈው አገር ቤት ያለውም ሰው ስለሚነካው ነው። እኛ እዚህ አዲስ ስልክ ስንገዛ አሮጌውን ጠርገን ለእህት ለወንድም እንልካለን፣ በፍቅር ነው፣ ግን የምንልከው አምራቹ ጥሎት የሄደውን ስልክ ነው። አገር ቤት ኤምኤምኤስ ብዙ ሰው አይጠቀምም፣ ፎቶው በቴሌግራም ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ያኛው በር ጠባብ ነበር ሊባል ይችላል፣ ቪዲዮውን የሚያነበው ላይብረሪ ግን ያው ነው፣ ብራውዘር ላይ የተከፈተ ቪዲዮም እሱ ጋ ነው የሚደርሰው። ስልክ ከመላካችሁ በፊት ሴቲንግ ውስጥ "ሴኩሪቲ ፓች" የሚለውን ቀን እዩት፣ ከአንድሮይድ 6 ጀምሮ ይታያል፣ እሱም ከዚህ ጉዳይ በኋላ የመጣ ነው፣ ቀኑ ሁለት ሶስት ዓመት ካለፈው ለባንክ አፕ እንዳይጠቀሙበት ንገሯቸው።

በመጨረሻ ምን ሆነ? ኦገስት 2016 አንድሮይድ 7 ሲወጣ ሚዲያሰርቨር ተበታተነ፣ ፋይል የሚያነበው ክፍል ለብቻው ተዘግቶ ካሜራም ኢንተርኔትም መንካት እንዳይችል ተደረገ፣ ቁጥር ሲዞር ደግሞ ፕሮግራሙ ዝም ብሎ ከመቀጠል እንዲቆም የሚያደርግ መቆጣጠሪያ ተጨመረበት። ለኔ ትልቁ ጥገና ይሄ ነው፣ ቀዳዳ በቀዳዳ ከመድፈን ይልቅ የማይታመነውን እቃ የሚፈታውን ሰራተኛ ከሌላው ክፍል መለየት። የወር የወሩ አፕዴትም በዛው ጸንቶ ለዓመታት ቀጠለ። በ2017 የጉግል የአንድሮይድ ሴኩሪቲ ኃላፊ አድሪያን ሉድዊግ እንደተናገረው በስቴጅፍራይት ተጠቅቶ የተረጋገጠ ሰው አልተገኘም። ይሄን ሰምተው "አያችሁ፣ ሁሉም ወሬ ነበር" ያሉ አሉ። እኔ አልስማማም፣ ቀድሞ ያገኘው ጆሹዋ ድሬክ መሆኑ፣ ፓች ይዞ መምጣቱ፣ ጩኸቱም ትልቅ መሆኑ ነው ያተረፈን፣ ሌላ ሰው ቀድሞ አግኝቶት ዝም ቢል ኖሮ መልእክቱ ራሱን የሚያጠፋ ስለሆነ ማንም አይቆጥረውም ነበር።

ወደ እማማ ልመለስ። ያን ቀን ያጠፋሁላቸው ኤምኤምኤስን በራሱ የሚያወርደውን ነው፣ የቴክስት አፑ ሴቲንግ ውስጥ አድቫንስድ ወይም መልቲሚዲያ የሚለው ስር ትገኛለች። ያኔ ያላሰብኩት የማህበራችን ግሩፕ ቴክስት ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ ያኔ ግሩፕ ቴክስት ጽሁፍ ብቻ ቢሆንም እንኳ ብዙ ጊዜ የሚሄደው በኤምኤምኤስ ነበር፣ አይፎንና አንድሮይድ ተቀላቅሎ ያለበት ግሩፕ እስከ 2024ቱ የአይፎን ሶፍትዌር አይኦኤስ 18 ድረስ ሌላ መንገድ አልነበረውም። ስለዚህ በሳምንቱ ደወሉልኝ፣ "ልጄ፣ ሰዎቹ የክርስትናውን ፎቶ ልከው ሁሉም አይቷል፣ እኔ ጋ አንድ ሳጥን ብቻ ነው የሚታየኝ።" "ሳጥኑን ይጫኑት እማማ፣ ይወርዳል፣ ግን መጀመሪያ ከማን እንደሆነ ስሙን ይዩ" አልኳቸው። ተለማመዱት፣ ከማያውቁት ቁጥር የመጣ ከሆነ ሳይነኩ ለኔ ያሳዩኛል፣ ሳልመጣ ከቀረሁ ሶስት አራት አጠራቅመው ይጠብቁኛል።

ባለፈው ዓመት ልጃቸው አዲስ ስልክ ገዛላቸው፣ በየወሩ አፕዴት የሚደርሰው ጥሩ ስልክ ነው። ቡና ላይ ይዘውት መጡና ሴቲንጉን ከፈትኩት፣ በራሱ የሚያወርደው እንደገና በርቷል፣ ከፋብሪካ እንደዛው ነው የሚመጣው። "ይቺንማ አውቃታለሁ" ብለው ራሳቸው አጠፏት።